ዜሮ ዓመት ስንት ዓመት ነው?

(አንድ አንጋፋ መሐንዲስ አዲስ አበባ ውስጥ ለአዲስ የምህንድስና ምሩቃንና ለወላጆቻቸው ያደረጉት ንግግር)



"እንኳን ደስ ያላችሁ" የሚለውን ቃል ሰሞኑን ጠግባችሁታል። እኔም እላለሁ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ! ነገር ግን ፎቶው ተነስቶ፣ ጋዋኑ ተመልሶ፣ ዶሮው ተበልቶ ካለቀ በኋላ ቤት ውስጥ የምትነሳ አንዲት ጥያቄ አለች። "ታዲያስ፣ ሥራስ?" የምትል ጥያቄ። መጀመሪያ ጎረቤት ይጠይቃል። ቀጥሎ አጎት በስልክ ይጠይቃል። በሦስተኛው ወር አባት አፉን ሳይከፍት በዓይኑ ይጠይቃል። እኔ ዛሬ ስለዚህች ጥያቄ እንጂ ስለ አገር ተረካቢነት ለመስበክ አልመጣሁም። ስለ አገር ተረካቢነት በምረቃው ቀን በቂ ሰምታችኋል።

ነገሩን ከማስታወቂያው እንጀምር። ሥራ ፈላጊ መሐንዲስ ጋዜጣ ሲያገኝ ዜናውን ዘሎ ነው ወደ ክፍት የሥራ ቦታ ገጽ የሚሄደው። ጋዜጣ ባያገኝ አራት ኪሎ ሰሌዳ ሥር ይቆማል። ማታ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ዓይኑ እስኪቀላ ያነባል። የሚያነበው ምንድን ነው? "ተፈላጊ ችሎታ፦ በሲቪል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ፤ የሥራ ልምድ፦ 4 ዓመትና ከዚያ በላይ።" ይዘለዋል። የሚቀጥለው 6 ዓመት ይላል። ከሱ ሥር ያለው 8። ከብዙ ፍለጋ በኋላ "የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት፤ ብዛት፦ 2" የሚል ሲያገኝ ልቡ ትዘላለች። በማግስቱ ማመልከቻውን ይዞ ሲደርስ ሰልፉ ግቢውን ዞሮ አስፋልት ላይ ወጥቷል።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ፤ መሐንዲሶች አይደለን? አንድ ልጅ 12 ዓመት ትምህርት ቤት ተቀመጠ። 5 ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቆየ። ድምሩ 17 ዓመት ነው። እናት ከጉሊት ሸጣ የላከችው ብር፣ ዶርም ውስጥ በሻማ የተነበበው ሌሊት፣ ያ ሁሉ ተደምሮ ማስታወቂያው ላይ ስንት ሆነ? ዜሮ! 17 ዓመት ለፍቶ "ዜሮ" የሚል ስም የሚወጣለት ከእናንተ በቀር ማን አለ? የጥያቄዬ ርእስ እንግዲህ ይኸው ነው። ይህ ዜሮ ዓመት የሚሉት ነገር ለመሆኑ ስንት ዓመት ነው? ላንዱ ሦስት ወር ነው። ለሌላው ሁለት ዓመት። ለአንዳንዱ ደግሞ ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀለሙ እስኪለቅ ድረስ ነው።

የምለው ባጭሩ ይህ ነው። ዜሮው የእናንተ አይደለም። ዜሮው ዕቅድ አውጪዎቹ ሳይሠሩት ያለፉት የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ደረጃው እስኪሠራ ድረስ ግን የመጀመሪያዋን ዓመታችሁን ሌባ እንዳይሰርቃችሁ ማወቅ አለባችሁ። ሁለቱን ላስረዳ።

ደረጃው የት ሄደ?

በ1940ዎቹ አጋማሽ አምስት ኪሎ ላይ የምህንድስና ኮሌጅ ሲከፈት የሚመረቀው በጣት የሚቆጠር ነበር። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው አውራ ጎዳና ባለሥልጣን፣ መብራት ኃይል፣ አየር መንገድ፣ ሁሉም ሰው ይፈልጉ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ የሚያገለግልበት "ዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ" የሚባል አሠራር ነበር። አብዛኛው ያገለገለው በማስተማር ነው። ቢሆንም ልጁ ዲግሪውን ሲቀበል ከሰው ጋር ሠርቶ፣ ደመወዝ ምን እንደሆነ አይቶ፣ አገሩን በእግሩ ለክቶ ነው። በደርግ ጊዜም ምደባ ነበር። ምደባው ፍትሐዊ ነበር ወይ? ያልፈለጉበት የተላኩ ብዙዎች ናቸው። ያ ዘመን ገነት ነበር የሚል ሰው ቢኖር እኔ አይደለሁም። ነገር ግን መንግሥት ተማሪ ሲቀበል "ይህን ልጅ የት አደርሰዋለሁ?" የሚለውን ጥያቄ ከነመልሱ ይይዝ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። ምደባው ቀረ፤ "ገበያው ይወስነው" ተባለ። እሺ፣ ገበያው ይወስነው። ያኔ ከአሥመራው ሌላ የነበሩን ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አበባና ዓለማያ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ይህ መልካም ነው፤ የገበሬ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ደረሰ። ከዚያ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሌላ ትእዛዝ መጣ። ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር የሚለው ነው። ከ70ው ውስጥም ትልቁን ድርሻ የወሰደው ምህንድስና ነው።

ልብ በሉ! ስንት መሐንዲስ እንደሚመረቅ በመቶኛ ተሰልቶ በዕቅድ ተቀመጠ። ስንቱ መጀመሪያ የሚቆምበት የሥራ ቦታ እንደሚያገኝ ግን በዚያው ልክ ያሰላው አልነበረም። ምሩቁ በኮታ፣ ሥራው በዕድል! ፋብሪካ ሳይተከል የፋብሪካ መሐንዲስ ይመረት ተባለ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ይሏችኋል ይህ ነው።

"ኧረ ግንባታው ሞልቶ አልነበረም ወይ?" የሚል ይኖራል። ነበረ እንጂ! በ1990ዎቹ ማብቂያ ኮንዶሚኒየሙ ተጀመረ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። መስከረም 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፣ በዓመቱ ደግሞ የጅቡቲው ባቡር ተመረቀ። በነዚያ ዓመታት ብዙ ወጣት መሐንዲሶች ሙያ ያወቁት ኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ነው፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን ከትልልቆቹ ሥራዎች ብዙዎቹን የወሰዱት የውጭ ተቋራጮች ናቸው። ተቋራጩ ልምድ ያለውን ሰው ከአገሩ ይዞ ይመጣል። ከኛ የሚፈልገው በአመዛኙ ጉልበት ነው። "ከያንዳንዱ ውል ጋር ይህን ያህል አዲስ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ አሠልጥነህ ታስረክባለህ" የሚለው ነጥብ በየውሉ ቢጻፍና ተቆጣጣሪ ቢመደብለት ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው!

ከዚያስ ምን መጣ? ኮብልስቶን መጣ። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ገደማ "ዲግሪ የያዘ ለምን ድንጋይ አይጠርብም? ሥራ አይናቅም" የሚል ስብከት በየመድረኩ ተሰማ። እኔ ድንጋይ መጥረብን አልንቅም። ቤቴን የሠራልኝ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጁን ለድንጋይ ከሆነ ለምን አምስት ዓመት አስተማርነው? በወጪ መጋራት ውል ፈርሞ፣ ሥራ ሳይጀምር ባለዕዳ ያደረግነውስ ለምንድን ነው? ሥራ አይናቅም እያሉ መምከር የሚያምርበት ዕቅዱን ያላወጣ ሰው ነው። ዕቅድ አውጪው ራሱ ሲመክር ግን በቁስል ላይ እንጨት ነው።

የቅርቡንማ አይታችሁታል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ስንት ሳይት ቆመ። ሲሚንቶ የሚገዛው በወረፋ ብቻ ሳይሆን በዘመድ የሆነበት ጊዜ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። ተቋራጭ ሲቸግረው ካለው ሠራተኛ ይቀንሳል እንጂ ዜሮ ዓመት አይቀጥርም።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። በመጀመሪያው ዙር ያለፈው ከተፈታኙ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፈተናውን አልቃወምም። ድልድይ የሚሠራ ሰው ቢፈተን ምን ክፋት አለው? ግን ፈተናው የነገረን ስለ ልጆቹ ብቻ ነው እንዴ? መምህርና ላቦራቶሪ ሳይሟላ ስለተከፈተው ትምህርት ክፍልም ነግሮናል። ያለፈውን ልጅ ደግሞ ይኸው ሰሌዳው ሥር ቆሞ እናየዋለን። ፈተና በሩን ያጠባል እንጂ ከበሩ ወዲያ ቤት አይሠራም።

ቀጣሪው ምን ይላል?

ፍርድ ሲሰጥ ሁለቱንም ወገን መስማት ነው። ቀጣሪው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም ዜሮ ዓመትን የሚሸሸው። ጨረታ ሲወጣ ሰነዱ ራሱ "የፕሮጀክት ኃላፊ ይህን ያህል ዓመት፣ ሳይት መሐንዲስ ይህን ያህል ዓመት ልምድ ያለው ይቅረብ" ይላል። አዲስ ምሩቅ ቢያቀርብ ነጥብ የለውም። ሁለተኛ፣ ስሕተት ውድ ነው። አርማታ ከፈሰሰ በኋላ ጥንካሬው የሚታወቀው ናሙናው በ7 እና በ28 ቀኑ ተሰብሮ ሲታይ ነው። ስታፋው ተራርቆ ታስሮ፣ ወይም ፌሮው ከጣውላው ጋር ተጣብቆ ሳለ "ይሙላ" ብሎ የፈረመ ልጅ በወሩ "ይፍረስ" ሲባል የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። ሦስተኛ፣ አሠልጥኖ ሲጨርስ ልጁ 500 ብር የጨመረለት ጋ ይሄዳል። "ለሰው ለምን አሠለጥናለሁ?" ይላል።

እነዚህ ምክንያቶች እውነት ናቸው። ነገር ግን ዋና ሳትችል ወንዝ አትግባ፣ ወንዝ ሳትገባ ደግሞ ዋና አትችልም የተባለ ልጅ የት ሄዶ ይማር? ዛሬ "8 ዓመት ልምድ" ብሎ የሚያስነግረው ሥራ አስኪያጅ አንድ ቀን ዜሮ ነበር። አንድ ካፖ፣ አንድ አለቃ፣ አንድ ሰው ትከሻውን ይዞ "ና፣ ይህን ለካ" ብሎታል። የወጣበትን መሰላል ከላይ ሆኖ መሳብ ደግ አይደለም።

ሦስቱ ሌቦች

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ዜሮ ዓመት ላይ ያለ ሰው ጅብ የከበበው አህያ ማለት ነው። ሦስት ሌቦች አሉ፤ እወቋቸው።

የመጀመሪያው "አስቀጥርሃለሁ" ባዩ ነው። ቢሮ ከፍቶ፣ ማኅተም ይዞ "መመዝገቢያ ክፈል፣ ከመጀመሪያ ደመወዝህም ይህን ያህል ታካፍላለህ" ይላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ የሚሠራው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል ነው። የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሥራ የሌለውን ልጅ ክፈል ማለት የተራበውን ምሳ ጋብዘኝ እንደማለት ነው። ከኤጀንሲ ውጭ ደግሞ "እገሌን አውቀዋለሁ፣ እጁን አሙቅለት" የሚል አለ። በጉቦ የተገኘ የመጀመሪያ ሥራ ምን እንደሚያስተምር ታውቃላችሁ? ጉቦ ያስተምራል። በመጀመሪያው ወር የከፈልከውን ለማስመለስ ስትል በሦስተኛው ወር የጎደለ ሲሚንቶ አይተህ ትፈርማለህ።

ሁለተኛው ሌባ "ልምድ ይሁንህ" ባዩ ነው። "ደመወዝ የለም፣ ግን ትማራለህ" ይላል። አንድ ወር፣ ሦስት ወር፣ ስምንት ወር! ልጁ ሳይት ይውላል፣ ክፍያ ያዘጋጃል፣ ሶሌታ ያስሞላል። መጨረሻ ላይ "የልምድ ማስረጃ ስጡኝ" ሲል "አንተን ማን ቀጥሮህ?" ይባላል። ይህንን ወንጀል ብዬ ብጠራው የሚቀየመኝ ካለ ይቀየም። እንግዲህ ሕጉን ያዙት። የሙከራ ጊዜ የሚባለው ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ሠራተኛ ነው፤ ይከፈለዋል። የጽሑፍ ውል ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ቦታውንና ደመወዙን የሚገልጽ የፈረመበት ወረቀት የመስጠት ግዴታ አለበት። ሥራ ስትለቁም ሆነ በሥራ ላይ እያላችሁ ስትጠይቁ ምን እንደሠራችሁ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሠራችሁና ምን ያህል ይከፈላችሁ እንደነበር የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት ግዴታው ነው። ችሮታ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህቺን ብዙ ሰው የሚያውቃት ከተጎዳ በኋላ ነው። ማስታወቂያዎቹን እስከ መጨረሻ አንብቧቸው። ታች ላይ በትናንሽ ፊደል "ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ መረጋገጥ አለበት" የሚል አለ። ታዲያ አሠሪው ደመወዝህን በእጅ እየሰጠ፣ ግብር ሳይከፍል፣ ጡረታ ሳያስገባ ሁለት ዓመት ቢያሠራህ ያ ሁለት ዓመት ለብዙ ቀጣሪ ዜሮ ነው! ከደመወዝህ 7 በመቶ ጡረታ ሲቆረጥ አትናደድ። አሠሪው በላዩ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ከዚያም በላይ ያቺ የምትቆረጠው ብር "ይህ ሰው በዚህ ቀን እዚህ ነበር" ብላ የምትመሰክር ናት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እናንተ ሞኝነቱን ተዉትና ወረቀቱን ያዙ።

ሦስተኛው ሌባ ስም ተከራዩ ነው። የሕንፃና የመንገድ ተቋራጭ ፈቃድ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ፈቃድ ለማውጣትና ለማሳደስ ባለሙያ መቅጠሩን በማስረጃ ማሳየት ያስፈልገዋል። ታዲያ አንዱ ይመጣና "ዲግሪህን ስጠኝ፣ ሳትመጣ በወር ይህን ያህል እሰጥሃለሁ" ይላል። ለሥራ ፈት ልጅ ይህ መና ይመስላል። ግን አስቡት። ያ ሰው በእናንተ ስም የሚሠራውን ቤት አላያችሁም። ግድግዳው ቢሰነጠቅ፣ ሰው ቢሞት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የማን ነው? በዚያ ላይ ጓደኛችሁ ሊቀጠርበት የነበረውን ቦታ የያዘው የእናንተ ወረቀት ነው። ሰው ሳይሆን ወረቀት ተቀጠረ ማለት ነው። ስማችሁን አታከራዩ፤ ከ17 ዓመት በኋላ ያላችሁ ንብረት እሱ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ምክር መስጠት ይቀላል፤ ስለዚህ የምሰጠው ምክር በኪስ የሚያዝ ይሁን።

አንደኛ፣ በአራተኛ ዓመት የወጣችሁበትን ኢንተርንሺፕ አትናቁት። ብዙው ልጅ ማኅተም አስመትቶ ይመለስና ይረሳዋል። ሄዳችሁ ያሠራችሁን መሐንዲስ ፈልጉት። አብሯችሁ ግማሽ ዓመት የዋለ ሰው ከማታውቁት መቶ ሰው ይሻላል። ዘመድ የለኝም አትበሉ፤ በሥራ የተገኘ ትውውቅ ዘመድ ነው። ይህ ጉቦ አይደለም፣ ልመናም አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሁላችሁም አዲስ አበባ ውስጥ ዲዛይን ቢሮ አትፈልጉ። አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው፤ ተሰላፊው ግን ብዙ ነው። ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ተቋራጭ፣ የወረዳ የውኃ ሥራ፣ የገጠር መንገድ ጥገና፣ ያ ነው ዜሮን ቶሎ የሚያጠፋው። ትንሽ ድርጅት ውስጥ አንድ ሰው ሁሉንም ይሠራል፤ ጠዋት ይለካል፣ ቀን ያስሞላል፣ ማታ ክፍያ ያዘጋጃል። መካኒካልና ኤሌክትሪካል የተማራችሁ ደግሞ የፋብሪካ ጥገና ክፍል በር አንኳኩ። ማሽን ሲቆም የፋብሪካው ባለቤት ስለ ልምድ ዓመት ሳይሆን "ማን ያስነሳልኝ?" እያለ ነው የሚጮኸው። ክልል ስል ግን እውነቱን ልደብቃችሁ አልችልም። በየክልሉ ቢሮ የሥራ ቋንቋው ሌላ ነው፤ መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። የተማረበት ከተማ ሊሠራበት ያልቻለ ስንት ልጅ አለ! ሁለተኛ የአገራችሁን ቋንቋ መማር ከአንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አያንስም፤ ሰላሙን ማምጣት ግን የእናንተ ዕዳ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ፌራዮውን፣ አናጺውን፣ ግንበኛውን አክብሩ። እናንተ "ስተራፕ" ብላችሁ የተማራችሁትን እሱ ስታፋ ይለዋል። እናንተ "ስላብ" ትላላችሁ፣ እሱ ሶሌታ ይላል። ቃሉን ከሱ ተማሩ፤ ለምን እንደሚታሰር ደግሞ እናንተ ንገሩት። ዲግሪዬን እወቁልኝ ብሎ ሳይት የገባ ልጅ ማንም አያስተምረውም። "ጋሼ፣ ይህን እንዴት ነው የምታስሩት?" ብሎ የገባው በሦስት ወር መሐንዲስ ይሆናል።

አራተኛ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የሚፈለገው ችሎታ ምን እንደሆነ እወቁ። ሼክስፒርን አይጠይቋችሁም። ፕላን አንብቦ ምን ያህል ፌሮ፣ ስንት ሜትር ኩብ አርማታ፣ ስንት ብሎኬት እንደሚገባ በትክክል ማስላት፤ የተሠራውን ለክቶ የክፍያ ሰነድ ማዘጋጀት፤ የዕለት መዝገብ መያዝ፤ በደንብ የተጻፈ አንድ ገጽ ደብዳቤ መጻፍ። ሥራ ባይኖራችሁም ይህንን ዛሬ መጀመር ትችላላችሁ። ሰፈራችሁ የሚሠራ ቤት የለም? ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ለክታችሁ አስሉ፤ ከገባው ዕቃ ጋር አስተያዩ። ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ "ዜሮ ዓመት ነኝ" ከማለት "ይህን ቤት አስልቼ ከገባው ሲሚንቶ ጋር አስተያይቻለሁ፣ ደብተሩ ይኸው" ማለት ሌላ ነው።

አምስተኛ፣ ሥራ እስክታገኙ ካፌ ብትሠሩ፣ ሱቅ ብትጠብቁ፣ ሰው ብታስጠኑ ነውር የለበትም። ነውሩ ተምሮ ሥራ ያጣው ልጅ ላይ ሳይሆን ሳያሰላ ያስተማረው ላይ ነው። ግን በሳምንት ሁለት ቀን ለሙያችሁ አስቀሩ። እንጀራው ሙያውን እንዳይበላው።

ስለ ሴት ልጆቻችን ደግሞ ለብቻው ልበል። "ሴት ለሳይት አትሆንም" ተብላ የተመለሰች መሐንዲስ አውቃለሁ፤ የመለሳትን ድርጅት ስም አልጠራም። አብሯት የተመረቀው፣ ውጤቱ ከሷ ያነሰው ልጅ እዚያው ተቀጠረ። ለመሆኑ ሳይት ላይ ሲሚንቶ የምትሸከመው፣ አሸዋ የምትነፋው፣ ውኃ የምታመላልሰው ማን ናት? ሴት አይደለችም እንዴ? ለመሸከም ስትሆን ሴት ትችላለች፣ ለመምራት ሲሆን አትችልም! መጸዳጃና መቀየሪያ ክፍል ሠርቶ ማዘጋጀት ያቃተው ድርጅት የራሱን ድክመት በሷ ላይ አይለጥፍ።

ለባለሥልጣንና ለባለድርጅት

እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ጨረታ የምታወጡ አላችሁ። ድርጅት ያላችሁም አላችሁ። ለእናንተም ሦስት ነገር ልበል።

በሕዝብ ገንዘብ በሚሠራ በማንኛውም የግንባታ ውል ውስጥ፣ ተቋራጩ የአገር ውስጥም ይሁን የውጭ፣ በሥራው መጠን ልክ የተወሰኑ ዜሮ ዓመት መሐንዲሶችን ቀጥሮ እንዲያሠለጥን ይጻፍበት። ደመወዛቸው በውሉ ዋጋ ውስጥ ይግባ። ቁጥራቸው ካልተሟላ እንደ ጎደለ ሥራ ከክፍያው ይቀነስ። የጎደለ ፌሮ የሚቆጠር ከሆነ የጎደለ ሰው ለምን አይቆጠርም?

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ የሚነግሩን ስንት እንዳስመረቁ ብቻ ነው። ካስመረቋቸው መካከል ስንቱ በዓመቱ በሙያው ሥራ እንደያዘ በትምህርት ክፍል በትምህርት ክፍል ያውጡ። ያን ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ምርጫውን ዓይኑን ከፍቶ ይሞላል። ይህ አንድ ምሥጢር ለምንድን ነው ከወላጅ የሚደበቀው?

ባለድርጅቶች፣ እያንዳንዳችሁ በዓመት አንድ ልጅ ውሰዱ። አሥር አላልኩም፤ አንድ። ውል ስጡት፣ ግብሩን ክፈሉለት፣ አንድ የሚጠይቀው አለቃ መድቡለት፣ ሲሄድም ማስረጃውን ሳታስለምኑ ስጡት። ሄዶብን ብንቀርስ ትላላችሁ። ይሂድ! ሌላው ያሠለጠነው ደግሞ ወደ እናንተ ይመጣል። ሁሉም "ለሰው አላሠለጥንም" ሲል ግን የሚሆነውን አይታችኋል፤ አሠልጣኙ አንድ ሆኖ ነጣቂው መቶ ይሆናል።

ወላጆችም አንድ ነገር አደራ። ልጃችሁን ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት። የህዳሴው ግድብ እንኳ መሠረቱ ከተጣለ ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ከ14 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ለልጃችሁ አንድ ዓመት ታገሡት። ስትታገሡት ግን ዝም ብላችሁ አይደለም። ሕጉ ተጥሶ ሲያሠሩት አብራችሁት ሂዱ፣ ጠይቁ፣ ጩኹ።

ምሩቃን ሆይ፣ ዜሮ በሒሳብ ክፉ ቁጥር አይደለም። መነሻ ነው፤ ሜትሩም የሚለካው ከዜሮ ነው። ክፉው ነገር ሜትሩን ዜሮ ላይ ይዞ አልዘረጋም ማለት ነው። ከዜሮ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ አንድ ነው። ያችን አንዲት ዓመት መስጠት የምትችሉ ስጡ። የምትቀበሉ ደግሞ በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም ተቀበሉ።